ሰሙ ጓደኝነት፣ ወርቁስ?

ከራት በኋላ ቡናው ተፈልቶ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት በስንቶቻችሁ ቤት ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ያውቃል? በድራማው ውስጥ ሁለት ወንዶች አሉ። አብሮ አደግ ናቸው። አንዱ ሲታሰር ሌላው እንቅልፍ ያጣል፤ አንዱ ሊያገባ ሲል የሌላው ፊት ይጠቁራል። ሚስት ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ "ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ጓደኛሞች ብቻ ናቸው?" ትላለች። ባል ደግሞ፣ "ወንድማማችነት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!" ብሎ ይመልሳል። ጥግ የተቀመጠው የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ሁለቱንም ያዳምጣል።

ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ለሆነ ንግግር አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ስም አውጥተውለታል፤ ሰምና ወርቅ ይሉታል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሰሙን ሰምቶ ዝም አይልም፤ ወርቁን ይፈልጋል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠሩ ብዙ ድራማዎች ሰማቸው ጓደኝነት ሆኖ ወርቃቸው የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ነው። ሌሎቹ ደግሞ ሰሙን ጥለው ወርቁን በግልጽ ያሳያሉ። ሰው ይህን ሲያይ ምን ይሆናል? ይቀበለዋል? ይቃወመዋል? ወይስ ሳያውቀው ይለምደዋል? እኛ ክርስቲያን ባለትዳሮችስ በዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ምን ልንል ይገባናል? የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው።

እኔ የምኖረው በዋግ ኽምራ፣ በደሃና ወረዳ፣ በአምደወርቅ ነው። "ስለ ቴሌቪዥን ድራማ የሚጽፍ ሰው አዲስ አበባ ጠፍቶ ነው ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ድራማው እኛም ዘንድ ደርሷል። ጦርነቱ ባደቀቀው፣ መብራትና ኔትወርክ ተቋርጦ ሰው በጨለማ በከረመበት አገራችን እንኳ፣ መብራት ሲመለስ ብዙዎች መጀመሪያ ከከፈቱት ዕቃ አንዱ ቴሌቪዥን ነው። ኽምጣና ተናጋሪዋ እናት ሳትቀር የቱርኩን ተዋናይ በአማርኛ ድምፁ ታውቀዋለች። ስለዚህ ጥያቄው የአዲስ አበባ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ድራማው እንዴት ገባ?

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያስተረጎመ ሥርጭት ሲጀምር የተነሣውን ክርክር የምታስታውሱ አላችሁ። የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች፣ "እንጀራችንን ይነጥቃል፣ ባህላችንን ይበርዛል" ብለው ተቃውመው ነበር። ተመልካቹ ግን አልሰማቸውም። "ጥቁር ፍቅር"ን የመሰሉ ድራማዎች የሚተላለፉበት ሰዓት ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

በዚያን ጊዜ በጉባኤዎቻችን ይነገር የነበረው ስለ ዝሙት፣ ስለ በቀልና ስለ ስካር ነበር እንጂ ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅር አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚያ ድራማዎች እኛ ዘንድ ሳይደርሱ በሁለት ወንፊት ያልፋሉ። አንደኛው ወንፊት በተሠሩበት አገር ነው። በቱርክ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ከፍተኛ ምክር ቤት የሚባል ተቆጣጣሪ አካል አለ፤ ለአገሬው ጣቢያዎች የሚሠሩ ድራማዎች እሱን እያሰቡ ይጻፋሉ። "ኩዜይ ጉኒ" የተባለውን ታዋቂ ድራማ ከጻፉት ሁለት ሴቶች አንዷ ኤጄ ዮሬንች ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህችው ጸሐፊ ለኔትፍሊክስ አዲስ ድራማ አዘጋጅታ ነበር። በታሪኩ ውስጥ አንድ ግብረ ሰዶማዊ ገጸ ባሕርይ ስለነበረበት የቱርክ መንግሥት የቀረጻ ፈቃድ ከለከለ፤ ኔትፍሊክስም ሥራውን ሰረዘው። ታሪኩ ግን አልሞተም። ስፔን ተሻግሮ በስፓኒሽ ተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 ለዓለም ታየ። በአንድ በር የተከለከለ ነገር በሌላ በር እንዴት እንደሚገባ ከዚህ መማር እንችላለን።

ሁለተኛው ወንፊት የራሳችን አገር ነው። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል። በአገራችን የሚያሰራጭ ጣቢያ እንዲህ ያለውን ታሪክ በግልጽ ያሳያል ተብሎ አይጠበቅም።

እንግዲህ "ሁለት ወንፊት ካለ ምን ያሳስበናል?" ልትሉ ትችላላችሁ። የሚያሳስበን ሦስተኛው በር ነው፤ ስልክ። ስልክ ወንፊት የለውም። ልጆቻችን በቴሌግራም፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ የኮሪያውን፣ የታይላንዱን፣ የቻይናውን ድራማ ቁርጥራጭ ያያሉ። በታይላንድ ሁለት ወጣት ወንዶች የሚፋቀሩባቸው ተከታታይ ድራማዎች ራሳቸውን የቻሉ አንድ ዘርፍ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው "ቱጌዘር" የተባለው ድራማ ከአገሩ አልፎ በብዙ አገር ተመልካች አግኝቷል። ወላጅ የሚያውቀው ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን ነው፤ ልጁ የሚያየው ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ያለውን ነው።

ተመልካች እንዴት ይለወጣል?

ይህ ነገር ሌላው ዓለም ዘንድ እንዴት እንደሄደ ማወቅ ይጠቅመናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1997 "ኤለን" በተባለ አስቂኝ ድራማ ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሴቶችን እንደምታፈቅር በግልጽ ተናገረች። ማስታወቂያቸውን ያነሡ ድርጅቶች ነበሩ፤ ድራማውም በማግሥቱ ዓመት ቆመ። በዚያው በ1998 ግን "ዊል ኤንድ ግሬስ" የተባለ ሌላ ድራማ ተጀመረና እስከ 2006 ድረስ ቆየ። ዊል ወንዶችን የሚያፈቅር ጠበቃ ነው። ሰዉ በየሳምንቱ እየሳቀ ተመለከተው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆ ባይደን፣ የአሜሪካንን ሕዝብ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማንም በላይ ያስተማረው ይህ ድራማ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ ሰጥተዋል።

ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጠይቅ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በሕግ ይታወቅ ያሉት አሜሪካውያን ከ100 ሰው 27 ነበሩ። በ2023 ቁጥሩ 71 ደረሰ። ይህን ሁሉ ያመጣው ድራማ ነው ማለት ልክ አይሆንም። ፍርድ ቤቶች ነበሩ፣ ፖለቲካ ነበር፣ በየቤተሰቡም "እኔ እንዲህ ነኝ" ያለ ልጅ ነበር። ይሁን እንጂ ድራማም ድርሻ አለው። ኤድዋርድ ሺያፓ የተባሉ ምሁርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ሰው በቴሌቪዥን የሚያየውን ገጸ ባሕርይ ልክ እንደ ጎረቤቱ ሊለምደውና በእሱ ምክንያትም ለወገኖቹ ያለው ጥላቻ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል።

ይህን ለመረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም። የአገራችን ሰው ድራማ ሲያይ ከገጸ ባሕርይው ጋር ይታመማል፣ ያለቅሳል፣ ክፉውን ይረግማል። ፍቅር ይቀድማል፤ ፍርድ ይከተላል። ድራማ "ይህ ትክክል ነው" ብሎ አይሰብክም፤ አንድ ሰው ያሳየንና "ይህን ሰው ውደዱት" ይለናል። ከወደድነው በኋላ ስለ ሥራው ያለን አስተያየት ቀስ በቀስ ይለሳለሳል።

እስቲ በሌላ ምሳሌ እንየው። በስንት ክርስቲያን ቤት ነው ያገባችው ሴት ከባሏ ሸሽታ ከሌላው ሰው ጋር እንድትሄድ ተመልካች ሁሉ የሚመኘው? ባልየው ክፉ ሆኖ ስለተሣለ፣ ሌላው ሰው ደግሞ ደግ ሆኖ ስለተሣለ ምእመኑ ሁሉ ለዝሙቱ ያጨበጭባል። ታዲያ ድራማ እንዴት ልብን እንደሚያዘነብል ማወቅ የምንፈልግ ከሆነ ከሩቁ አሜሪካ በፊት ይህን እንመርምር። አንዱን ኃጢአት በእንባ ሸኝተን በሌላው ላይ ድንጋይ የምናነሣ ከሆነ፣ ልጆቻችን የሚማሩት ቅድስናን ሳይሆን አድልዎን ነው።

ደግሞም ማየት፣ መውደድና ማጽደቅ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሕግ ፈቅዳለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን "ጄኔሬሽንስ" በተባለው ተወዳጅ የምሽት ድራማ ሁለት ጥቁር ወንዶች ሲፋቀሩ ሲታዩ ብዙ ተመልካች ተቆጣ፤ ድራማውን አናይም ያሉ ነበሩ። ሕጉ ፈቅዶ ተመልካቹ አልፈቀደም። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 "ራፊኪ" የተባለው የሁለት ልጃገረዶች የፍቅር ፊልም በአገሩ ታገደ። በዚያው ዓመት መስከረም ፍርድ ቤቱ እገዳውን ለሰባት ቀን ብቻ ሲያነሣ የናይሮቢ ሲኒማ ቤቶች ሞሉ። ሕጉ ከልክሎ ተመልካቹ ሊያይ ጓጓ። እንግዲያስ የሰው ልብ በአዋጅ አይከፈትም፤ በአዋጅም አይዘጋም።

አማርኛችን ሚስጥር አይጠብቅም

ስለ ሰምና ወርቅ አንሥቼ ነበርና አንድ ደስ የሚል ነገር ላካፍላችሁ። በቱርክኛ "እሱ" እና "እሷ" አንድ ቃል ናቸው። አንድ ተዋናይ ስልክ አንሥቶ "ናፍቆኛል" ወይም "እወዳለሁ" ቢል በሌላው ጫፍ ያለው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። ጸሐፊው ከፈለገ ተመልካቹን ለብዙ ክፍል ሊያንጠለጥለው ይችላል። አማርኛ ግን ወዲያው ያወጣዋል። "ናፈቅከኝ" ወይም "ናፈቅሽኝ" ማለት ግድ ነው። አስተርጓሚው "እርስዎ" ብሎ ካላከበረ በስተቀር መሸሸጊያ የለውም። ስለዚህ ድራማ ወደ አማርኛ ሲተረጎም አንዳንዱ ሰም ይቀልጣል፤ አንዳንዱ ወርቅ ደግሞ ይቀበራል።

መቅበርም በዓለም ያለ ነገር ነው። "ሴይለር ሙን" የተባለው የጃፓን የካርቱን ፊልም ውስጥ ሁለት የሚፋቀሩ ልጃገረዶች ነበሩ። ለአሜሪካ ሕፃናት በእንግሊዝኛ ሲተረጎም ተርጓሚዎቹ የአክስትና የአጎት ልጆች አደረጓቸው። ሥዕሉ ግን አልተለወጠምና ዘመዳሞቹ እንደ ፍቅረኛ ሲተያዩ ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ግራ አጋቢ ሆነ። በቻይናም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው "ዘ አንቴምድ" የተባለው ድራማ ከአንድ የኢንተርኔት ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። በመጽሐፉ ሁለቱ ወንዶች ፍቅረኞች ናቸው፤ በድራማው በቁጥጥሩ ምክንያት ልብ ለልብ የሚተዋወቁ ጓደኞች ሆኑ። መጽሐፉን ያነበበ ወርቁን አገኘ፤ ያላነበበ ሰሙን ይዞ ሄደ። ሁለቱም ግን ወደዱት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ወርቅ ፍለጋ ልማድ ሲሆን ወርቅ የሌለበትንም ያስቆፍራል።

ዮናታንን አትንጠቁን

እኛ አገር ወንድ የወንድ ጓደኛውን እጅ ይዞ ገበያ ይወጣል። አንገቱን አቅፎ ይሄዳል። በአንድ ጋቢ ውስጥ ሆነው እሳት ይሞቃሉ፤ የደጋው ብርድ ሲያይል በአንድ መደብ ያድራሉ። "ሆዴ"፣ "ነፍሴ"፣ "ዓይኔ" ይባባላሉ። እናት ትንሹን ወንድ ልጇን በፍቅር "አንቺ" ብላ ትጠራዋለች። ይህን ሁሉ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢያየው የቱን ድራማ ያስታውሰዋል? እኛ ግን ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ጓደኝነት ነው፤ ባልንጀርነት ነው፤ በክፉ ቀን ሬሳህን የሚያነሣው ሰው ፍቅር ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በወጣቶች መካከል የማየው ነገር ያሳዝነኛል። እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱ ወንዶች ሲያዩ ይጠቃቀሳሉ፤ ከስልክ የለመዱትን ቃል ይወረውራሉ። አንድ ዓይን አፋር ልጅ አውቃለሁ። ከአንድ አብሮ አደጉ ጋር ቤት ተከራይተው ይማሩ ነበር፤ አብረውም ይዘምሩ ነበር። ሰፈርተኛው በቀልድ በድራማ ገጸ ባሕርያት ስም ጠራቸው። ቀልዱ ሐሜት ሆነ። ሐሜቱ መዘምራኑ ዘንድ ደረሰ። ልጁ መጀመሪያ ከጓደኛው ጋር መታየት ተወ፤ ቀጥሎ መዘመር ተወ፤ በመጨረሻ እኛ ዘንድ መምጣት ተወ። ማንም ምንም አላየም፤ ማንም ምንም አልጠየቀም። አንድ ቀልድ ብቻ አንድ ነፍስ ከበረቱ አስወጣ።

ወገኖቼ፣ በ1ኛ ሳሙኤል 18 እና 20 የዮናታንንና የዳዊትን ታሪክ አንብቡት። የዮናታን ነፍስ ከዳዊት ነፍስ ጋር ታሰረች። ካባውንና ሰይፉን አውልቆ ሰጠው። ሲለያዩ ተሳሳሙ፤ ተላቀሱም። በ2ኛ ሳሙኤል 1 ደግሞ ዳዊት ስለ ጓደኛው ሞት ያወጣውን የልቅሶ ግጥም ተመልከቱ። ይህን ዛሬ በድራማ ሠርተው ቢያሳዩን በየሳሎኑ ስንቱ ይጠረጥር ነበር? በዓለም ያሉ አንዳንድ አንባቢዎች ታሪኩን እንደ ፍቅረኞች ታሪክ ያነቡታል። ሌሎች ደግሞ ያን ንባብ ፈርተው ታሪኩን ከመስበክ ይሸሻሉ። እኔ ሁለቱም ዮናታንን ከእኛ ይነጥቁናል እላለሁ። ወንድ ለወንድ ማልቀስና መሳሳም የማይችልበት ቤተ ክርስቲያን የዳዊት ቤተ ክርስቲያን አይደለም።

በክፍሉ ውስጥ የሚያዳምጥ አለ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ትምህርት የታወቀ ነው፤ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው። ስለዚህ ትምህርት ዋጋ የተከፈለበትም ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በጥር 2005 ዓ.ም. ባደረገችው ጠቅላላ ጉባኤ፣ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ከተቀበሉት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን እና ከአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን የቆየ ኅብረት አቋርጣለች። እኔም የምኖረው በዚሁ ትምህርት ነው፤ በዚህ ጽሑፍም ልለውጠው አልተነሣሁም።

ነገር ግን ትምህርት አንድ ነገር ነው፤ ዱላ ሌላ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት ግብረ ሰዶማውያን ቱሪስቶችን ይዞ ወደ ጎረቤታችን ወደ ላሊበላ ሊመጣ ነው ሲባል የተነሣውን ቁጣ ታስታውሳላችሁ፤ ተቃውሞው በቃል ብቻ አላበቃም፤ በሰዎች ሕይወት ላይ ዛቻ ነበረበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ሰዎች በቲክቶክ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው እየተለጠፈ "እነዚህ እንዲህ ናቸው" ተብለው ጥቃት እንዲደርስባቸው ሲቀሰቀስ ነበር፤ ቢቢሲም ዘግቦታል። እስቲ እናስብ፤ ያንን ፎቶ ለሌላ ሰው ያስተላለፈ ክርስቲያን አልነበረም? ሐሰተኛ ምስክርነት በዐሥርቱ ትእዛዛት የተከለከለ አይደለምን? እውነት ቢሆንስ? በሰው ልጅ ላይ መንጋ መላክ የማን ሥራ ነው?

በዋግ ተወልዶ ያደገና አሁን ሩቅ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው በአንድ ወቅት የነገረኝን ሳይናገሩ ማለፍ አልችልም። ከልጅነቱ ጀምሮ በውስጡ ካለው ስሜት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። "ያንን ስሜት ያስተማረኝ ድራማ አይደለም። ድራማ ያስተማረኝ ሌላ ነገር ነው" አለኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው እንዲህ አለ፦ "እንዲህ ያለ ነገር በቴሌቪዥን ብልጭ ባለ ቁጥር አባቴ የሚለውን እሰማ ነበር። 'የእኔ ልጅ ቢሆን በገዛ እጄ እገድለው ነበር' ይላል። እናቴ 'አሜን' ትላለች። ምን እንደምናገርና ለማን እንደማልናገር የተማርኩት ያኔ ነው።" ያ ሰው ዛሬ ለቤቱ በበዓል ብቻ ነው የሚደውለው። ወላጆቹ ልጃቸው ለምን እንደራቃቸው አያውቁም፤ ለሰው ሁሉ "ሥራ በዝቶበት ነው" ይላሉ።

ውድ አባትና እናት፣ እናንተ ለቴሌቪዥኑ የምትናገሩ ይመስላችኋል። ቴሌቪዥኑ አይሰማም። የሚሰማው ጥግ ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው። የሚታገል ልጅ ከሆነ በሩን ዘጋችሁበት፤ የማይታገል ልጅ ከሆነ ደግሞ ነገ በትምህርት ቤት በሌላው ላይ እንዴት እንደሚጨክን አስተማራችሁት። በየትኛውም መንገድ ትርፍ የለውም። ጌታችን ቀራጩን ዘኬዎስን ከዛፉ ላይ ሲያየው በሕዝቡ ፊት አላዋረደውም፤ በስሙ ጠርቶ ቤቱ ገባ። የዘኬዎስ ሕይወት የተለወጠው ሕዝቡ ሲያጉረመርምበት ሳይሆን ጌታ ማዕዱን ሲካፈል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለባለትዳሮች የምመክረው አራት ነገር ነው፤ አንዱም ገንዘብ አያስወጣም።

አንደኛ፣ አብራችሁ እዩ። ልጅን "አትይ" ብሎ ስልኩን መንጠቅ ለአንድ ሳምንት ይሠራል፤ ከዚያ ልጁ ጎረቤት ሄዶ ያያል። የሚያየውን ድራማ ስም እወቁ፤ አንድ ክፍል አብራችሁት ተመልከቱ። የማታውቁትን ነገር ስትተቹ ልጅ ጆሮውን ይደፍናል።

ሁለተኛ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ። "ይህን ሰው ለምን ወደድከው?" በሉት። ምናልባት የወደደው ታማኝነቱን ይሆናል፤ ምናልባት ብቸኝነቱን ይሆናል። መልሱን ሳይሰሙ መምከር ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው። ልጁ ከተናገረ በኋላ እናንተ የምታምኑትንና ለምን እንደምታምኑት በእርጋታ ንገሩት። ልጅ የሚፈልገው የጮኸ ወላጅ ሳይሆን ምክንያት ያለው ወላጅ ነው።

ሦስተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ሚዛን መዝኑ። ለዝሙተኛው ጀግና ካለቀሳችሁ፣ ለበቀለኛው ካጨበጨባችሁ፣ በሌላው ላይ ብቻ መቆጣታችሁን ልጃችሁ ይታዘባል። ድራማ የሚያዘነብለውን ልብ በእግዚአብሔር ቃል ማቅናት ለሁሉም ታሪክ ነው እንጂ ለአንዱ ብቻ አይደለም።

አራተኛ፣ እቀፉ። አባት የጎረመሰ ወንድ ልጁን ማቀፍ አይፈር። ባልም ከልብ የሚወደው ወንድ ጓደኛ ይኑረው፤ ሚስትም ይህን ጓደኝነት ትጠብቅለት፤ ለእሷም እንዲሁ። ብዙ ትዳር የሚደክመው ባል ያለውን ሸክም ሁሉ ለሚስቱ ብቻ ስለሚያራግፍ ነው። ዮናታን ያለው ባል ቤቱ ቀለል ብሎት ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ምናልባት ከእናንተ መካከል አንዷ እናት ልጇ መጥቶ ያንን ከባድ ቃል ነግሯት ይሆናል፤ ይህንንም የምታነበው ተደብቃ ይሆናል። እህቴ ሆይ፣ ልጅሽ ለአንቺ መናገሩ አንቺን መምረጡ ነው። ስንት ልጅ ለማያውቀው ሰው በስልክ ይናገራል፣ ስንቱስ ለማንም ሳይናገር ራሱን ይጎዳል። ለጎረቤት አታውሪው። ከቤት አታስወጪው። የምትታመኚበት፣ አፉን የሚጠብቅ አገልጋይ ካለ አማክሪ፤ ከሌለ ተንበርክከሽ ለጌታ ንገሪው። ዛሬ ማታ ደግሞ እንደ ወትሮው እንጀራውን ቆርሰሽ አጉርሺው። ቴሌቪዥኑ ቢከፈት ይከፈት፤ በቤትሽ ውስጥ ከማንኛውም ድራማ ይልቅ እሱ የሚያስተውለው ያችን ጉርሻ ነው።

ጌታ ቤታችሁን በሰላሙ ይጠብቅ።